ምክርና ትእዛዝ፤ ሞተር ባላቸው ግላይደሮች ላይ ስለሚደረግ የግዴታ ማሻሻያ

የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ሞተር ለመጻፍ ምን አግብቷቸው የሚለን ወንድም ወይም እኅት አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ ብሎን ፈትተን ያጠበቅን ሰዎች አይደለንም፤ የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ስሕተታችንን ቢያርሙልን ደስ ይለናል። ነገር ግን ሕግ ምንድን ነው፥ ምክር ከትእዛዝ በምን ይለያል፥ ሰው በገዛ ንብረቱና በገዛ ሕይወቱ ላይ ያለው ነጻነት የት ላይ ያበቃል የሚለው ጥያቄ የእኛም ትምህርት ነው። ይህን ጥያቄ በመጽሐፍ ብቻ ስናነበው እንደ ጉም አልጨበጥ ይለናል። በአንዲት ትንሽ ሞተር ላይ ስናየው ግን በእጅ እንደሚዳሰስ ዕቃ ይሆንልናል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሞተር ያለውን ግላይደር መማሪያ አድርገን እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ ካልተለዩ በቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ግላይደር ምንድን ነው?

ግላይደር ያለ ሞተር የሚበር አይሮፕላን ነው። ክንፉ ረጅምና ቀጭን፥ አካሉም ለስላሳ ነው። ሌላ አይሮፕላን በገመድ ስቦ፥ ወይም መሬት ላይ የተተከለ ሞተር ገመዱን በፍጥነት ጠቅልሎ ወደ ላይ ካወጣው በኋላ አብራሪው ገመዱን ይለቅና በአየር ላይ ይንሳፈፋል። ግላይደሩ በጠባዩ ሁልጊዜ በዝግታ ወደ ታች ይወርዳል፤ ነገር ግን ፀሐይ ካሞቀችው መሬት ወደ ላይ የሚወጣ ሞቃት አየር ካገኘ በዚያ ውስጥ እየዞረ ከፍ ይላል። በቀትር ጊዜ ጥንብ አንሣ ክንፉን ሳያራግብ እየዞረ ሰማይ ጥግ ሲደርስ ያየ ሰው የግላይደርን ጥበብ ዐውቆታል ማለት ነው።

ይህ ጥበብ በተለይ ያደገው በጀርመን አገር ነው። በ1919 የተፈረመው የቬርሳይ ውል ጀርመንን የጦር አየር ኃይል ከለከላት፤ ባለ ሞተር አይሮፕላን መሥራትም ለጥቂት ዓመታት በብርቱ ተገደበባት። ስለዚህ ወጣቶቿ ፊታቸውን ሞተር ወደሌለው በረራ መለሱ። በ1920 ኦስካር ኡርሲኑስ የተባለ ኢንጂነር ቫሰርኩፐ በተባለው 950 ሜትር ከፍታ ባለው ተራራ ላይ የመጀመሪያውን የግላይደር ውድድር አዘጋጀ። በዚያው ዓመት በዳርምሽታት ከተማ የከፍተኛ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የበረራ ማኅበር አቋቋሙ፤ የሙኒክ ተማሪዎችም በ1924 ተከተሏቸው። እነዚህ ማኅበራት ተማሪዎች ራሳቸው ነድፈው፥ ራሳቸው ሠርተው፥ ራሳቸው የሚበሩባቸው ነበሩ። እንግዲህ የግላይደር ታሪክ በከፊል የተማሪዎች ማኅበር ታሪክ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

የግላይደር ችግሩ ግን ግልጽ ነው። ወደ ላይ ለመውጣት የሌላ ሰው እርዳታ ይሻል፤ ሞቃቱ አየር ከከዳውም ባገኘው የእርሻ ማሳ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ትንሽ ሞተር ለመጨመር ታሰበ። በሙኒክ ተማሪዎች ማኅበር ውስጥ ያደገው ኤጎን ሻይበ የነደፈው ፋልከ፥ በቋንቋችን «ጭልፊት» ማለት ነው፥ በ1963 ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ፤ ከዚያ ወዲህም በብዙ አገሮች ማኅበራት ዘንድ ማስተማሪያ ሆነ። የፋልከ ሞተር አፍንጫው ላይ እንደ ተራ አይሮፕላን ሞተር ተተክሏል። ሌላው ዓይነት ደግሞ ሞተሩን ወይም ፕሮፔለሩን ከአብራሪው ጀርባ በሆዱ ውስጥ አጥፎ የሚይዝ ነው። አብራሪው ሲፈልገው ከነምሰሶው ወደ ላይ ያወጣዋል፤ ሥራው ሲያበቃ አጥፎ ክዳኑን ይዘጋበታል። ያን ጊዜ ከተራው ግላይደር አይለይም።

የአውሮፓ የንድፍ ደንብ እነዚህን ከተራ አይሮፕላን የሚለይበት አንድ ቀላል ሒሳብ አለው። የአይሮፕላኑ ሙሉ ክብደት በኪሎ ግራም ተወስዶ በክንፉ ርዝመት ካሬ ሲካፈል ውጤቱ ከ3 መብለጥ የለበትም። ለምሳሌ የክንፉ ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ 15 ሜትር ቢሆን 15 በ15 ሲባዛ 225 ይሆናል፤ ይህም በ3 ሲባዛ 675 ነው። ስለዚህ ያ አይሮፕላን ከነተሳፋሪው ከ675 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ከሆነ ሞተር ያለው ግላይደር ተብሎ ሊጻፍ አይችልም። የዚህ ሒሳብ ትርጉሙ ቀላል ነው፤ ሞተሩ ቢጠፋ እንኳ ክንፉ ብቻውን በደኅና የሚያንሳፍፈው መሆን አለበት።

ትንሹ ሞተርና ጠባዩ

በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ቮልስዋገን ስታልፍ ድምፅዋን የማያውቅ የለም። ሞተርዋ ከኋላ የተቀመጠ፥ አራት ፒስቶን ያለው፥ በውኃ ሳይሆን በአየር የሚቀዘቅዝ ነው። ፋልከን ጨምሮ ብዙዎቹ ሞተር ያላቸው ግላይደሮች ሲነዱ የኖሩት ከዚሁ ከቮልስዋገን ሞተር በተወለዱ ሞተሮች ነው፤ ከእነዚህም በጣም የታወቀው ሊምባክ የተባለው የጀርመን ሥራ ነው። ለመኪና የታሰበ ሞተር ወደ ሰማይ ሲወጣ ግን ኑሮው ይለወጣል። መኪና በከተማ ውስጥ ሙሉ ኃይሏን የምታወጣው ለጥቂት ጊዜ ነው፤ አይሮፕላን ግን ከመሬት ሲነሣ ያለ የሌለ ኃይሉን ለብዙ ደቂቃ ያወጣል። በመንገድ ላይ ሞተሩ ቢጠፋ ነጂው ጥግ ይይዛል፤ በሰማይ ላይ ጥግ የለም።

አጣጥፈው የሚይዙት ዓይነቶች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚጠጣ ባለ ሁለት ምት ሞተር አላቸው። ይህ ሞተር ቀላልና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በብርቱ ይንቀጠቀጣል። ብዙውን ጊዜ ኃይሉ ወደ ፕሮፔለሩ የሚሄደው በቺንጋ ነው። ከዚህም ሌላ ሞተሩ በዓመት ውስጥ የሚሠራው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። ያልሠራ ሞተር አላረጀም የሚለው አሳብ ስሕተት መሆኑን መካኒኮች ይነግሩናል። የቤንዚን ጎማ ሳይሠራም ይደርቃል፥ ይሰነጠቃል፤ ውስጡ ርጥበት የገባበት ብረት ይዝጋል፤ በካርቡሬተር ውስጥ የቀረ ቤንዚን ዝቃጭ ይተዋል።

የመንቀጥቀጥን ጉዳት ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። በ1842 ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ሲመለስ የነበረ ባቡር የአንዱ ሎኮሞቲቭ ዘንግ በድንገት ተሰብሮ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። ዘንጉ ከመጠን በላይ ጭነት አልያዘም ነበር። አውጉስት ቮለር የተባለው ጀርመናዊ ኢንጂነር ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የባቡር ዘንጎችን እየመረመረ ምክንያቱን አስረዳ። ብረት አንድ ጊዜ የሚችለውን ጭነት ደጋግሞ ሲሸከመው ይደክማል፤ በዐይን የማይታይ ስንጥቅ ይጀምርበታል፤ ስንጥቁም በየመነቅነቁ ጥቂት ጥቂት እያደገ አንድ ቀን ዘንጉን ይሰብረዋል። ሽቦን ወዲያና ወዲህ እያጠፈ የሰበረ ሕፃን ሁሉ የቮለርን ትምህርት በእጁ ሠርቶታል። እንግዲህ የሚንቀጠቀጥ ሞተር የተሸከመ ብሎን፥ ማርሚታውን የያዘ ቅንፍ፥ የፕሮፔለሩ ዘንግ፥ እነዚህ ሁሉ የሚታጠፉ ሽቦዎች ናቸው።

አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በ2013 ሶሎ 2350 ሲ በተባለው የትንሽ ሞተር ዓይነት ላይ ዘንጉ ተሰብሮ ፕሮፔለሩ ከአይሮፕላኑ መነጠሉ ተነገረ። የአውሮፓ ኅብረት የአቪዬሽን ደኅንነት ድርጅት በዚያው ዓመት አስቸኳይ ትእዛዝ አወጣ፤ የታዘዘው ሳይፈጸም ሞተሩ እንዳይሠራ ተከለከለ። እዚህ ላይ የግላይደርን ልዩ ጠባይ ልብ እንበል። ተራ አይሮፕላን ሞተሩ ሲከለከል መሬት ላይ ይቀራል፤ ግላይደር ግን ሞተሩን አጥፎ፥ በገመድ ተስቦ፥ መብረሩን መቀጠል ይችላል። የተከለከለው ክንፉ ሳይሆን ሞተሩ ብቻ ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። ሮታክስ 912 እና 914 የተባሉት የኦስትሪያ ሞተሮች ፋልከን ጨምሮ በብዙ ቀላል አይሮፕላኖች ላይ ይገኛሉ። በ2010ዎቹ አጋማሽ በካርቡሬተራቸው ውስጥ የሚገኘው ተንሳፋፊ በአንዳንድ ምርቶች ላይ ጉድለት እንዳለበት ታወቀ። የተንሳፋፊው ሥራ ቤንዚኑ በቂ ሲሆን ከፍ ብሎ መግቢያውን መዝጋት ነው። የውጭ ሽፋኑ ሲላቀቅ ግን የመንሳፈፍ ኃይሉ ይቀንሳል፤ መግቢያው እንደሚገባው አይዘጋም፤ ቤንዚኑ ይትረፈረፋል፤ ሞተሩም ይንተፋተፋል ወይም ይጠፋል። ክብደቱ በግራም የሚቆጠር አንድ ዕቃ ሁለት ሰዎችን ከነአይሮፕላናቸው ሊጥል ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ጉድለት ያለባቸው ተንሳፋፊዎች እንዲለወጡ ትእዛዝ ወጣ።

የፋብሪካ ማስታወቂያና የመንግሥት ትእዛዝ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። በአንድ ሞተር ላይ ጉድለት ሲገኝ መጀመሪያ የሚጽፈው ፋብሪካው ነው። ፋብሪካው ለባለቤቶች ሁሉ ማስታወቂያ ይልካል፤ ይህን ዕቃ መርምሩ፥ ያን ብሎን ለውጡ ይላቸዋል። በማስታወቂያው ላይ «ግዴታ» የሚል ቃል በትልቅ ፊደል ቢጻፍበት እንኳ፥ በብዙ አገሮች ሕግ ዘንድ ለግል ባለቤት የሚቈጠረው እንደ ምክር ነው። ፋብሪካ ሕግ አውጪ አይደለምና።

ምክሩ ትእዛዝ የሚሆነው የአይሮፕላኑን ብቁነት የሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲያውጀው ነው። ይህ የብቁነት ትእዛዝ ይባላል። በአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር፥ በአውሮፓ ከ2003 ጀምሮ ከላይ የጠቀስነው፥ መቀመጫው በኮሎኝ የሆነው የኅብረቱ ድርጅት ያወጡታል። መሥሪያ ቤቱ እንዲሁ ስለ ፈለገ አያዝዝም፤ ጉድለቱ በእርግጥ አደገኛ መሆኑን፥ በሌሎች ተመሳሳይ ሞተሮችም ላይ ሊደርስ የሚችል መሆኑን ማስረጃ ማየት አለበት።

የትእዛዙ አጻጻፍ ለእኛ ለቋንቋና ለሕግ ተማሪዎች ትልቅ ትምህርት ነው። ጌጥ የለበትም። መጀመሪያ ትእዛዙ የሚመለከተው የትኛውን ሞተር እንደ ሆነ ከዓይነቱና ከተከታታይ ቁጥሩ ጋር ይናገራል። ቀጥሎ አደጋው ምን እንደ ሆነ ይገልጻል። ከዚያ ምን እንዲደረግ፥ በምን ጊዜ ውስጥ እንዲደረግ ያዛል፤ ከሚቀጥለው በረራ በፊት፥ ወይም በሚቀጥሉት 25 የበረራ ሰዓቶች ውስጥ፥ ወይም እስከሚቀጥለው ዓመታዊ ምርመራ ድረስ። አሜሪካኖቹ ደግሞ ሥራው የሚያስወጣውን ገንዘብ ጭምር አስልተው ያትማሉ፤ ለብዙ ዓመታት የመካኒኩ አንድ ሰዓት 85 ዶላር ተብሎ ሲታሰብ ኖሯል። በመጨረሻም ሥራው ሲፈጸም በአይሮፕላኑ መዝገብ ላይ ተጽፎ፥ ኃላፊነቱ የተሰጠው ሰው ይፈርምበታል። ትእዛዙን ሳይፈጽም የሚበር ሰው በአሜሪካ ሕግ በእያንዳንዱ በረራ አዲስ ጥፋት እንደ ሠራ ይቈጠርበታል።

ይህ ሥርዓት በአንድ አገር ድንበር አያበቃም። በ1944 በቺካጎ የተፈረመው የዓለም ሲቪል አቪዬሽን ውል፥ ኢትዮጵያም በ1947 የገባችበት፥ ንድፉን ያጸደቀችው አገር ያወቀችውን ጉድለት አይሮፕላኑ ለተመዘገበባቸው አገሮች ሁሉ እንድታስታውቅ የሚያዝ ደንብ በስምንተኛው አባሪ ውስጥ ይዟል። ስለዚህ በኮሎኝ የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት በሌላ ክፍለ ዓለም ያለ መካኒክ መፍቻውን እንዲያነሣ ያደርገዋል።

ምክር ብቻ ሲሆን

አንዳንድ አንባቢ፥ ፋብሪካው ካስታወቀና ባለቤቱም ዐዋቂ ሰው ከሆነ ትእዛዝ ለምን ያስፈልጋል ይል ይሆናል። ለዚህ መልስ የሚሰጠው ታሪክ የተፈጸመው በትልቅ አይሮፕላን ላይ ነው፤ ትምህርቱ ግን ለትንሹም ይሠራል።

ሰኔ 12 ቀን 1972 ዲሲ 10 የተባለ የአሜሪካ አይሮፕላን ከዲትሮይት ተነሥቶ በካናዳዋ ዊንድሰር ከተማ ላይ ሲያልፍ የዕቃ ማስቀመጫው በር ተፈንቅሎ ወጣ። የውስጡ አየር በድንገት ስለ ፈሰሰ የተሳፋሪው ወለል በከፊል ተደረመሰ፤ ከወለሉ በታች የሚያልፉት የመሪ ገመዶችም ተጎዱ። አብራሪው በብልሃቱ አይሮፕላኑን አሳረፈ፤ በውስጡ የነበሩት 67 ሰዎች በሙሉ ተረፉ። የአደጋው መርማሪዎች የበሩ መቆለፊያ እንዲሻሻል አሳሰቡ። ነገር ግን የአስተዳደሩ ሹምና የፋብሪካው አለቃ በጨዋ ቃል ተስማሙና ትእዛዝ ሳይወጣ ቀረ፤ ፋብሪካው ማስታወቂያ ልኮ ነገሩን በምክር እንዲጨርስ ተተወ።

መጋቢት 3 ቀን 1974 የቱርክ አየር መንገድ የሆነ ሌላ ዲሲ 10 ከፓሪስ እንደ ተነሣ ያው በር ተፈንቅሎ ኤርመኖንቪል ደን ውስጥ ወደቀ። 346 ሰዎች ሞቱ፤ የተረፈ አልነበረም። በኋላ ሲመረመር የዚያ አይሮፕላን መዝገብ ማሻሻያው ተፈጽሟል ይል ነበር፤ ሥራው ግን በሙሉ አልተፈጸመም። ከዚያ በኋላ ትእዛዙ ወጣ፤ በሩም ወለሉም በግዴታ ተሻሻሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ጥፋቶች አሉ፤ ለያይተን እንያቸው። የመጀመሪያው ትእዛዝ መሆን የሚገባው ነገር ምክር ሆኖ መቅረቱ ነው። ሁለተኛው ያልተሠራ ሥራ እንደ ተሠራ ተቆጥሮ መጻፉ ነው። ትእዛዝ የመጀመሪያውን ያቃናል፤ ሁለተኛውን ግን ሊያቃናው የሚችለው የሰው ሕሊና ብቻ ነው።

ወረቀት ማሻሻልና ሥራውን ማሻሻል

ሦስተኛም ጥፋት አለ፤ ይህኛው በእኛ ቤት ለቅሶ ያስገባ ነው። ጥቅምት 29 ቀን 2018 ላይን ኤየር የተባለው የኢንዶኔዥያ ድርጅት ቦይንግ 737 ማክስ ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች ሞቱ። የአሜሪካው አስተዳደር ከዘጠኝ ቀን በኋላ፥ ኅዳር 7፥ አስቸኳይ የብቁነት ትእዛዝ አወጣ። እንግዲህ ትእዛዝ አልጐደለም ነበር። ነገር ግን ትእዛዙ የለወጠው የአብራሪውን መመሪያ መጽሐፍ ነው፤ በአንድ ዳሳሽ መሣሪያ ብቻ እየተመራ የአይሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች የሚገፋው ሥርዓት እንዳለ ቀረ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓመተ ምሕረት፥ በአውሮፓ አቆጣጠር መጋቢት 10 ቀን 2019፥ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። 157 ሰዎች ሞቱ። ሥርዓቱ ራሱ እንዲለወጥ፥ ሁለቱን ዳሳሾች እንዲያስተያይና አንድ ጊዜ ብቻ እንዲገፋ ያዘዘው ትእዛዝ የወጣው በኅዳር 2020 ነው።

ይህን የምንጽፈው ቍስል ለመቀስቀስ አይደለም። ነገር ግን ለሞተር ባለ ግላይደሩም ያው ጥያቄ ይነሣል። ሞተር ሲንቀጠቀጥ በዚህ ፍጥነት አታሽከርክረው የሚል ጽሑፍ በመሣሪያዎቹ አጠገብ መለጠፍ ርካሽ ነው፤ ዘንጉን መለወጥ ውድ ነው። ጊዜያዊ ጽሑፍ አንዳንድ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ለዛሬ ይጠቅማል። የተሻለው ዕቃ እስኪመጣ ድረስ ሞተሩን መከልከልም ትክክለኛ እርምጃ ነው። ስሕተቱ የሚመጣው ጊዜያዊው እንደ ዘላቂ ሲቈጠር ነው። በጥሩ ትእዛዝ ውስጥ የመጨረሻው ቃል የተበላሸውን ክፍል ለውጥ የሚለው ነው።

የባለቤቶቹ ተቃውሞ

የግላይደር ባለቤቶች የሚያቀርቡትን ተቃውሞ ሳንሰማ ብንፈርድ ፍርደ ገምድል እንሆናለን። እነርሱ የሚሉት ይህን ነው። እኛ ትኬት የምንሸጥ ድርጅት አይደለንም፤ በትርፍ ጊዜያችን፥ በገዛ ገንዘባችን የምንበር ማኅበርተኞች ነን። ሞተሩ ቢጠፋ ክንፋችን አለ፤ ደኅና የሚባለው ዓይነት ከ1 ኪሎ ሜትር ከፍታ እስከ 50 ኪሎ ሜትር ይንሳፈፋል፥ ፋልከ እንኳ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ታዲያ ለትልቅ አይሮፕላን የተሰፋውን ቀሚስ ለምን ታለብሱናላችሁ? በወረቀት ብዛት ማኅበሩ ሁሉ ሊዘጋ ነው።

በዚህ ክርክር ውስጥ እውነት አለ፤ ሕጉም ሰምቷቸዋል። ከመጋቢት 2020 ጀምሮ በአውሮፓ ለቀላል አይሮፕላኖች ልዩ የጥገና ደንብ ሥራ ላይ ውሏል። በዚህ ደንብ መሠረት ባለቤቱ የአይሮፕላኑን የጥገና መርሐ ግብር በራሱ ኃላፊነት አውጆ ሊይዝ ይችላል፤ ከፋብሪካው ምክሮችም አንዳንዶቹን በራሱ ፍርድ ሊተዋቸው ይችላል። አንድ ነገር ብቻ አልተፈቀደለትም፤ የብቁነት ትእዛዝን መተው። ምክርና ትእዛዝ የሚለያዩበት ድንበር እንደዚህ ተጠርቶ ሲሰመር በሌላ ቦታ አላየንም። ለባለቤቱ ሰፊ ሜዳ ተሰጥቶታል፤ በሜዳው ጫፍ ግን ገደል ስላለ አጥር ቆሟል።

ክንፋችን አለ የሚለው መልስ ግን በሦስት ምክንያት አይበቃም። አንደኛ፥ ሞተሩ በጣም የሚያስፈልገው ከመሬት ሲነሡ ነው፤ በ50 ሜትር ከፍታ ላይ ሞተሩ ቢጠፋ 50 ኪሎ ሜትር የሚንሳፈፍ ክንፍ ብዙ አይጠቅምም፤ ፊት ለፊት ያለው ዛፍ ወይም ቤት ነው። ሁለተኛ፥ ታጣፊው ሞተር ወጥቶ አልነሣ ካለ ምሰሶውና ፕሮፔለሩ በነፋስ ውስጥ እንደ ተከፈተ ጃንጥላ ይጐትታሉ፤ የግላይደሩ የመንሳፈፍ ችሎታ ይዋረዳል። ለዚህ ነው አስተማሪዎች ሞተሩን ለማስነሣት ከመሞከርህ በፊት የምታርፍበትን ማሳ ምረጥ የሚሉት። ሦስተኛ፥ ሞተር የሚበላሸው በመጥፋት ብቻ አይደለም። ከተሰነጠቀ ጎማ የሚፈስ ቤንዚን በጋለ ማርሚታ ላይ ሲያርፍ እሳት ነው፤ የተነጠለ ፕሮፔለር ጭራውን ሊመታ፥ ወይም ምንም በማያውቅ ገበሬ ማሳ ላይ ሊወድቅ ይችላል። በሌላው ወንበር የተቀመጠው ጀማሪ ተማሪም ያን ብሎን አላየውም፤ በመምህሩ አምኖ ነው የተሳፈረው። ሰው በራሱ ሕይወት ሊወራረድ ይችል ይሆናል፤ በሌላው ግን አይችልም። ነጻነት የሚያበቃው እዚህ ላይ ይመስለናል።

ለእኛ ምን ይላል?

አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ብለዋል። ደግሞም ምከረው ምከረው ካልሰማ መከራ ይምከረው ብለዋል። ሁለተኛው ተረት ለአንድ ሰው ጥፋት ይሠራ ይሆናል፤ ለአይሮፕላን ግን አይሠራም፤ መከራው የሚመክረው ያልሰማውን ብቻ አይደለምና። መከራ መካሪ ከመሆኑ በፊት ትእዛዝ መምጣት ያለበት ስለዚህ ነው።

ከእኛ መካከል ግላይደር የሚያበር ጥቂት ነው፤ ምናልባትም የለም። ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብዙዎቻችን በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን ወረቀት የምንጽፍና የምንፈርም ሰዎች እንሆናለን። ስለ ድልድይ፥ ስለ ትምህርት ቤት ጣራ፥ ስለ መድኃኒት ማከማቻ ጉድለት የሚናገር ደብዳቤ ይመጣልናል። ያን ጊዜ «ይታሰብበት» ብለን ወደ ሌላው ክፍል መምራት በጣም ይቀላል፤ የጨዋ ቃል ተለዋውጦ መለያየትም ደስ ይላል። ከዚህች ትንሽ ሞተር የምንማረው አራት ጥያቄዎችን መጠየቅ ነው። የትኛው ዕቃ ነው? ምን ይደረግለት? እስከ መቼ? ሥራው መፈጸሙን በዐይኑ አይቶ የሚፈርመው ማን ነው? እነዚህን ያልመለሰ ጽሑፍ ማኅተም ቢኖረውም ምክር ነው።

ከአራቱም የመጨረሻው ይከብዳል። በሩ ያልተሻሻለው ያ ዲሲ 10 ወረቀት አላነሰውም ነበር፤ ፊርማም ነበረው። የጐደለው ከበሩ አጠገብ ቆሞ በገዛ ዐይኑ አይቶ የሚፈርም ሰው ነው። በግላይደር ማኅበር ውስጥም እንዲሁ፥ ክረምቱ አልፎ የመብረሪያው ወራት ሲገባ፥ አንድ ሰው የሞተሩን ክዳን ከፍቶ፥ የታዘዘው ዕቃ መለወጡን በእጁ ዳስሶ ካየ በኋላ ብቻ ብዕሩን ያነሣል። እኛም ብዕር የምንይዝ ነን፤ ሳናይ አንፈርም።